ሰዉ ያላወቀ አይምሰላችሁ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የደም ልገሳ ቅስቀሳ ለምታስቡ

የመጀመሪያው ቅስቀሳችን ውሃ በላው። ደሴ ፒያሳ ላይ ትልቅ ባነር ሰቀልን፣ ሞንታርቦ ተከራየን፣ ቲሸርት አሳተምን። ባነሩ «ደም መለገስ ሕይወት ማዳን ነው» ይላል። ቲሸርቱም እንደዚያው። ድንኳኑ ተተከለ፣ ነርሶቹ መጡ፣ አልጋው ተዘረጋ። ከዚያ ቁጭ። ሰው ባነሩን እያነበበ፣ ራሱን በአድናቆት እየነቀነቀ፣ «ጎበዞች፣ በርቱ» እያለን አለፈ። ማታ ስንቆጥር ከለገሱት አብዛኞቹ እኛው አዘጋጆቹ ነበርን። ቲሸርቱ ግን አልተረፈም።

ስህተታችን ዛሬ ሳስበው ቀላል ነው። ሰዉ አላወቀም ብለን ነው የተነሳነው። ያውቃል እኮ! ደሴ ውስጥ ደም መስጠት መጥፎ ነው የሚል ሰው ካለ አምጡልኝ፣ ቡና እጋብዘዋለሁ። ከእናቱ እስከ ጎረቤቱ ወሊድ ላይ ደም የፈሰሳት ሴት ታሪክ ያልሰማ የለም። «ታዲያ አንተ ለምን አልሰጠህም?» ብለን ግን አንድም ሰው ሳንጠይቅ ነው ባነር ያሳተምነው።

ከዚያ በኋላ እየወደቅንም እየተነሳንም የተማርነውን ነው እዚህ የምጽፈው። የእኔ ጉዳይ ደም ነው። የእናንተ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ መጣልን ማስቀረት ሊሆን ይችላል፤ ያለዕድሜ ጋብቻ ሊሆን ይችላል፤ የሞተረኛ ሄልሜት ሊሆን ይችላል። አካሄዱ ይቀራረባል። እኔ በማውቀው ምሳሌ ልሂድና እናንተ ወደ ራሳችሁ ገልብጡት።

ሶሻል ማርኬቲንግ ሲባል

ብዙ ሰው ሶሻል ማርኬቲንግ ስለው ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ይመስለዋል። ስማቸው ስለሚመሳሰል ነው እንጂ ሌላ ነገር ናቸው። ስሙን በ1971 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቁት ፊሊፕ ኮትለርና ጄራልድ ዛልትማን የተባሉ የማርኬቲንግ ምሁራን ናቸው። ሐሳቡ ነጋዴ ዕቃውን የሚሸጥበትን ብልሃት ለሕዝብ ጥቅም ማዋል ነው። ነጋዴ ምን ያደርጋል? ገዢውን ያጠናል፣ ዕቃውን ለገዢው እንዲመች ያደርጋል፣ ዋጋውን ያስተካክላል፣ ገዢው በሚያልፍበት መንገድ ሱቅ ይከፍታል። ማስታወቂያው የሚመጣው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እኛ በጎ ፈቃደኞች ከማስታወቂያው እንጀምርና እዚያው እንጨርሳለን።

ሀገር ቤት ያለውን ምሳሌ ተመልከቱ። ዲኬቲ የሚባለው የቤተሰብ ዕቅድ ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሠርቷል፤ የእሱን ሕይወት ትረስት ኮንዶም የማያውቅ የለም። ስሙን ለመጥራት ሰው በሚያፍርበት ጊዜ በርካሽ ዋጋ ሰፈር ሱቅ ውስጥ ከማስቲካና ከሲጋራ ጎን ተደረደረ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ ሄዶ ነርስ ፊት ቆሞ የሚጠይቅ ጎረምሳ የለም። ባለሱቁ ግን ክፍት ነው፣ ምንም አይጠይቅም። ፖስተር ብቻውን ይሄን አይሠራም ነበር።

ከዕቅዳችሁ ላይ «ግንዛቤ መፍጠር» የሚለውን ሰርዙ

ቃሉ ያማረ ነው፣ ሪፖርት ላይም ይመቻል። ግን ግንዛቤ ተፈጠረ አልተፈጠረ በምን ይታወቃል? ግባችሁ ቪዲዮ ቢቀረጽ የሚታይ ድርጊት ይሁን። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ። «የኮምቦልቻ ወጣቶች ስለ ደም ልገሳ ይገነዘባሉ» ግብ አይደለም። «በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የ3ኛ ዓመት ተማሪዎች ማክሰኞ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ግቢው ውስጥ መጥተው ደም ይሰጣሉ» ግብ ነው።

እዚህ ላይ ጉዳያችሁን ራሱን በደንብ ማጥናት አለባችሁ፣ አለዚያ የተሳሳተ ድርጊት ትመርጣላችሁ። እኛ መርጠን ነበር። ሰኔ 7 የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ድግስ የሚያህል ዝግጅት እናደርጋለን፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ሰኔ እንተኛለን። የደም ባንክ ባለሙያ አንድ ቀን ቁጭ አድርጎ ሲያስረዳን ነው የነቃነው። የተለመደው ከረጢት ውስጥ ያለ ደም በማቀዝቀዣ የሚቆየው 35 ቀን ነው። ፕላትሌት የሚባለው፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ክፍል ደግሞ 5 ቀን ብቻ። ስለዚህ በአንድ ቀን የተሰበሰበ ብዙ ደም ለሚቀጥለው ወቅት አይቀመጥም። ለጋሹም በየ3 ወሩ ነው መስጠት የሚችለው። እና የሚያስፈልገው ምንድነው? በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሰው፣ እሱም 3 ወር ሲሞላው ተመልሶ የሚመጣ። ይሄን ስንሰማ ዕቅዳችን በሙሉ ተገለበጠ። አንድ ትልቅ ድንኳን የሚለው ቀረ፣ ብዙ ትንንሽ ቀጠሮዎች የሚለው መጣ።

ከዚያ ሰው ምረጡ። «ኅብረተሰቡ» የሚባል ሰው የለም፤ በሩን አንኳኩታችሁ አታገኙትም። ለደም ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው ያስፈልጋል። ይሄ ራሱ ይቀንስላችኋል። ከቀሩት ውስጥ ደግሞ ግማሽ መንገድ የመጣውን አስቀድሙ፤ አስቦ አስቦ የቀረውን። ሽንጡን ገትሮ እንቢ የሚለውን ለማሳመን ጉልበታችሁን አትጨርሱ።

ጠይቁ፣ ግን ይሉኝታን አትርሱ

ይሄ ክፍል ረዘም ይላል፣ ምክንያቱም ሥራው ያለው እዚህ ነው።

እኛ ሀገር «ደም ትለግሳለህ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ይሉኝታ አለ። ሁሉም «እንዴታ፣ ደስ ብሎኝ» ይላል፣ እናንተም ወረቀታችሁ ላይ ጽፋችሁ ተደስታችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ የማምነው ሁለት ዓይነት ጥያቄ ነው። አንደኛው ስለ ሌላ ሰው ነው፦ «እዚህ ሰፈር ሰዎች ለምን የማይሰጡ ይመስልሃል?» ሰው ስለ ጎረቤቱ ሲያወራ የራሱን ያወጣል። ሁለተኛው ስለ አንድ የተወሰነ ቀን ነው፦ «ልትሰጪ አስበሽ የቀረሽበት ጊዜ አለ? የዚያን ቀን ምን ሆነ?» በተለይ ይቺ ጥያቄ ወርቅ ናት።

የሚጠየቅበት ቦታም ይለያል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መንገድ ላይ የሚያስቆም ሰው የመንግሥት ወይም የኤንጂኦ ይመስላል፣ መልሱም እንደዚያው የተቀባባ ይሆናል። ጀበና ቡና ጋ ቁጭ በሉ። ባጃጅ ውስጥ አውሩ። እኛ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት ጋ ሁለት ሳምንት ተመላለስን፤ ከሁሉም የበለጠ የተማርነው ከእሳቸው ደንበኞች ነው።

አንድ ባጃጅ ነጂ ምን አለን? «እኔ መርፌ አልፈራም። ግን አንድ ሰዓት ስቆም ተራዬ ያልፋል። የባለቤቱን ገቢ ማን ይሞላልኛል?» አለቀ። እኛ ለዚህ ሰው ሙሉ ወር ስለ ሕይወት ማዳን ስንሰብክለት ነበር።

አንዲት ተማሪ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ምርመራው ላይ የሆነ ነገር ቢገኝብኝስ?» አለች። የተለገሰ ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል። እሱን ታውቃለች፣ እሱን ነው የፈራችውም። እኛ ብሮሸራችን ላይ «ነፃ የጤና ምርመራ ያገኛሉ» ብለን እንደ ጥቅም በትልቁ ጽፈን ነበር። ለእሷ ማስፈራሪያ ነው የሆነባት።

አንድ ትልቅ ሰው የሰጡን መልስ ግን እስካሁን አይረሳኝም። «ልጄ፣ እኔ ደሜን ለዘመዴ አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ ሰጥቼ ነገ የልጄ ሚስት ምጥ ላይ ብትያዝ በምን እደርሳለሁ?» ክፋት የለበትም። ስስትም አይደለም። የወሎ ሰው ለዘመድ ያለው ነገር ነው። ይሄ ሐሳብ ብዙ ሰው ውስጥ እንዳለ ያወቅነው እሳቸው ካሉን በኋላ ሌሎቹን ስንጠይቅ ነው። መልሱም ዝም ብሎ «ተሳስተዋል» የሚል አይደለም፤ የሰጡት ፈሳሽ በአንድ ሁለት ቀን እንደሚተካ፣ ቀይ ሕዋሱም በሳምንታት ውስጥ እንደሚተካ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምጥ ላይ የተያዘችዋን ሴት የሚያድናት አስቀድሞ ተመርምሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ ደም መሆኑን ረጋ ብሎ መንገር ነው። ዘመድ ተሯሩጦ እስኪመጣ፣ የደሙ ዓይነት እስኪታይ፣ እስኪመረመር ድረስ የሚፈስ ደም አይጠብቅም። እሳቸው ይሄን ሲሰሙ ትንሽ ዝም ብለው «እንግዲያው የማንም ይሁን፣ እዚያ ይኑር ነው የምትሉኝ» አሉ። ከዚህ የተሻለ መልእክት እኛ አልጻፍንም።

የለገሱ ሰዎችንም ጠይቁ። «ምን አመጣህ?» ስንላቸው ባነር ያለ አንድም ሰው አልገጠመኝም። «ጓደኛዬ ጎትቶኝ» ነው መልሱ። ወይም ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ነበር።

ከዚያ ዋጋውን ቀንሱ

ዋጋ ስል ብር ማለቴ አይደለም። ለደም ገንዘብ መክፈልማ ጭራሽ አይሞከርም፤ ገንዘብ የፈለገ ሰው ሕመሙን ሊደብቅ ይችላል። ዋጋው ጊዜው ነው፣ ፍርሃቱ ነው፣ ሐሜቱ ነው።

ለባጃጆቹ ያደረግነው ተራ አስከባሪዎቹን ማነጋገር ነበር። ደም ሊሰጥ የሄደ ልጅ ሲመለስ ቦታው ላይ ይገባል፣ ተራው አይዘለልም። ይህ ብቻ። ምንም ብር አላስወጣንም፣ ሁለት ምሽት ሻይ ብቻ። ደሙ ራሱ የሚወሰድበት ጊዜ 10 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከምዝገባው፣ ጣት ተወግቶ ከሚደረገው ምርመራና ከዕረፍቱ ጋር ሲደመር ነው የሚረዝመው። ስለዚህ ሰዎችን በተለያየ ሰዓት ቅጠሩ። ሰልፍ የለጋሽ ጠላት ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ሠራተኛው በሽፍት ነው የሚኖረው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መሀል ከተማ ድንኳን ብትተክሉ የሌሊት ሽፍቱ ተኝቷል፣ የቀኑ ሥራ ላይ ነው። ከፋብሪካው ጋር ተነጋግራችሁ ግቢ ውስጥ ግቡ። የሌሊት ሽፍት ጨርሶ ሳይበላ ሳይተኛ የወጣ ሰው ላይ መርፌ እንዳይሰካ ግን ከባለሙያው ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ አንድ ሰው ራሱን ስቶ ቢወድቅ የዚያ ፋብሪካ ነገር አበቃ።

አየሩንም አስቡ። ደሴና ኮምቦልቻ መሀል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ሌላ ሀገር ነው። ኮምቦልቻ ጥላና ውሃ ይፈልጋል። ደሴ ክረምት ላይ ድንኳን መትከል ራስን መቅጣት ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ ዝናቡ ሲወርድ ማን ጃኬቱን አውልቆ ክንዱን ይሰጣል? አዳራሽ ፈልጉ። ክረምት ላይ ደግሞ ትምህርት ቤትና ካምፓስ ስለሚዘጋ ዋናው ለጋሽ፣ ተማሪው፣ የለም። አቢይ ጾምና ረመዳንም እንዲሁ ናቸው። እነዚህን ቀኖች ዓመቱ ሲጀምር ካሌንደር ላይ በቀይ አስምሩና ማንን እንደምትተኩ አስቡ። ረመዳን ላይ ከኢፍጣር በኋላ ማታ መሥራት ይቻላል፣ የደም ባንኩ ሠራተኛ ፈቃደኛ ከሆነ። መስጠት ጾም ያፈርሳል አያፈርስም ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ይመጣል። እናንተ አትመልሱ! ኡስታዙ ይመልስ፣ ቄሱ ይመልሱ።

ሐሜቱ ከሁሉም ይከብዳል። ከተማችን ትንሽ ናት፣ ሁሉም ሁሉንም ያውቃል። አንድ ልጅ ገብቶ ክብደቱ ስላልሞላ ወይም የደም መጠኑ ትንሽ ዝቅ ስላለ ሳይሰጥ ሲወጣ ውጪ የቆሙት ምን ይላሉ? «ኤችአይቪ ተገኝቶበት ነው» ይላሉ። የኤችአይቪ ምርመራው እዚያ ድንኳን ውስጥ እንኳ አይደለም የሚሠራው፣ ግን ማን ይሰማል። አንድ ጊዜ ይሄ ደርሶብን አንድ ጓደኛችን ለሳምንታት ሰው ሸሽቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ለወጥን። ጥያቄ የሚጠየቅበት ቦታ መጋረጃ ተደረገለት። የሰጠም ያልሰጠም፣ ሁሉም በአንድ በር ይወጣል፣ አንድ ዓይነት ለስላሳና ብስኩት ይይዛል፣ አንድ ዓይነት ስቲከር ደረቱ ላይ ይለጠፍለታል። ስቲከሩ ላይ የተጻፈው «መጥቻለሁ» ነው። «ሰጥቻለሁ» አይልም። ይቺን ስቲከር ያሰበችው ልጅ ሽልማት ይገባት ነበር፣ እኛ ግን ሻይ ነው የጋበዝናት።

ቃሉ

ዘመቻ የሚለውን ቃል ርዕሴ ላይ እንዳልተጠቀምኩ ልብ በሉ። አማርኛ ላይ ዘመቻ የጦር ቃል ነው። የ2014ቱ ጦርነት ባለፈበት ከተማ ውስጥ ሞንታርቦ ይዞ «የደም ዘመቻ!» እያሉ መዞር ሰው ያስደነግጣል። አንዲት እናት በሯን እንደዘጋች በዓይኔ አይቻለሁ። «ለወገንዎ ደምዎን ይስጡ» የሚለውንም ጥለነዋል፤ ደም፣ መስጠት፣ ወገን... አንድ ላይ ሲቀመጡ ሌላ ነገር ያስታውሳሉ። ቃል የትም ቦታ አንድ አይደለም። አዲስ አበባ የተጻፈውን ፖስተር ቀጥታ አምጥታችሁ አትስቀሉ።

የተሻለው ምን ሆነ? «አብሽር፣ 10 ደቂቃ ናት።» በቃ። አብሽር ደሴ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚለው ቃል ነው፣ ሰው ሲፈራ ጓደኛው ትከሻውን መታ አድርጎ የሚለው። ከሥር ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ። ሌላ ምንም። የአጋር ድርጅቶችን ሎጎ በሙሉ ካልደረደርን የሚል ሰው ከመሀላችሁ ይነሳል፤ ጥግ ላይ አንድ መስመር ስጡትና እለፉ።

ሳታትሙ በፊት አሳዩ። አምስት ስድስት ሰው ይበቃል፣ ጓደኞቻችሁ ያልሆኑ። «ወደድከው?» አትበሉ፤ ይወደዋል፣ ይሉኝታ ነዋ። ወረቀቱን ገልብጡትና «ምን እንድታደርግ ነው የጠየቀህ?» በሉት። ቀኑንና ቦታውን ካልነገራችሁ ጽሑፋችሁ አልሠራም።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። «ከፍተኛ የደም እጥረት አለ፣ ሰዉ አይለግስም» እያሉ ማልቀስ። ሰሚው ምን ይሰማል? ማንም አይሰጥም፣ ስለዚህ እኔም ባልሰጥ አያስነውርም። የሰጡትን አሳዩ። የሰፈሩን ልጅ፣ ባለሱቁን፣ መምህሯን፣ በፈቃዳቸው። ሲሪንጅና ቀይ ደም የሞላበት ከረጢት ፎቶም ይቅር፤ የሚፈራውን ሰው የፈራውን ነገር አሳይታችሁ አታመጡትም።

አሁን ሚዲያው

በመጨረሻ ደረስንበት። አሁንም ከትንሹ ጀምሩ።

አፍ ይቀድማል። ቡና የሚሸጡት እናት ዕድሜያቸው ስላለፈ ራሳቸው መስጠት አይችሉም፤ ግን ለደንበኛ ሁሉ «ሐሙስ ሆጤ ጋ ናቸው፣ ሂድ» ይሉ ነበር። ከሬዲዮ ይልቅ ከእሳቸው ጋ ሰምቶ የመጣ ሰው በዝቶብን ያውቃል። ዕድር፣ የሴቶች ማኅበር፣ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ የመስጊድ ጀመዓ፤ እነዚህ ሁሉ ጆሮም አፍም አላቸው። የሃይማኖት አባቶች ጋ ስትሄዱ ሁለቱንም ወገን በአንድ ሳምንት ውስጥ አነጋግሩ፣ አንዱን አስቀድማችሁ ሌላውን ከወር በኋላ ካላችሁ ቅር ይላል። ወሎ ላይ አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት አለ፤ ይሄን የምነግራችሁ ለውጪ ሰዎች ነው፣ የሀገሩ ልጅ ያውቀዋል። ኢማሙ ከጁምዓ በኋላ፣ ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ደቂቃ ቢናገሩላችሁ የእናንተ ሞንታርቦ ቀን ሙሉ ከሚጮኸው ይበልጣል። ጽፋችሁ አትስጧቸው። ነገሩን አስረዷቸውና በራሳቸው ቋንቋ ይናገሩት።

ትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያ አላቸው። ዕድሜያቸው ለ18 ያልደረሱ ልጆች ለጋሽ አይደሉም፣ መልእክተኛ ግን ናቸው። ቤት ሄደው አባታቸውን የሚነዘንዙ እነሱ ናቸው።

ሬዲዮ። ከተማችን ውስጥ የፋናም የአሚኮም ኤፍ ኤም አለ። ስፖንሰር ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት አዘጋጆቹን እንግዳ እናምጣላችሁ ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥሩ እንግዳ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ አየር ሰዓት ያገኛል። እንግዳ ስታመጡ ኃላፊ ብቻ አታምጡ። ኃላፊ «በያዝነው በጀት ዓመት» ብሎ ሲጀምር ባጃጅ ነጂው ጣቢያ ይቀይራል። ከባለሙያው ጋር መጀመሪያ ፈርቶ የነበረ፣ በኋላ የሰጠ ሰው አስቀምጡ።

ይሄ የፈራ ሰው ነገር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የሜክሲኮው ሚጌል ሳቢዶ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቴሌቪዥን ድራማዎቹን ሲሠራ ደጉንና ክፉውን ገጸ ባሕርይ ካስቀመጠ በኋላ መሀላቸው የሚዋልል አንድ ሦስተኛ ሰው ይጨምር ነበር። ተመልካቹ ራሱን የሚያየው በእሱ ውስጥ ነው። እሱ ሲያመነታ ያመነታል፣ እሱ ሲወስን ይወስናል። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የሚባል ድርጅት ይህንኑ ዘዴ ይዞ በእኛም ሀገር ተከታታይ የሬዲዮ ድራማዎችን ሠርቷል። እናንተ ተከታታይ ድራማ ለመሥራት አቅሙ አይኖራችሁም፤ 30 ሰከንድ ውስጥም ግን የሚዋልል ሰው ይገባል። የእኛ ይሄን ይመስል ነበር፦

— ወንድሜ፣ ሆጤ ጋ አውርደኝ።
— ደም ልትሰጪ ነው እንዴ? እኔ እኮ ሁሌ አስባለሁ...
— እና?
— እና ተራዬ ያልፋላ!
— ተራ አስከባሪው ይይዝልሃል እኮ፣ አልሰማህም?
— በናትሽ? (ፀጥታ) ...ያማል?
— አብሽር፣ 10 ደቂቃ ናት።

ሁሉም ነገር እዚያ ውስጥ አለ፦ የሰማነው ምክንያት፣ ያቀረብነው መፍትሔ፣ «አብሽር» የምትለዋ ቃል። የተናገሩት የራሳችን ልጆች ናቸው፣ በራሳቸው አነጋገር። የዜና አንባቢ ድምፅ አልፈለግንም። አንዷ ቀረጻው ላይ ስትስቅ አልቆረጥነውም።

ማኅበራዊ ሚዲያውን በየሥራው ተጠቀሙበት። ቴሌግራም ለቀጠሮ ነው፤ የክፍል ግሩፕ ውስጥ ሞኒተሩ «ነገ 8 ሰዓት፣ ማን ማን ነን?» ሲል ስም ይደረደራል፣ ስሙን ያስገባ ሰው ደግሞ መቅረት ያሳፍረዋል። ይሉኝታ እዚህ ላይ ለእናንተ ይሠራል። ፌስቡክ ላይ ትልልቆቹ ሰዎችና ዳያስፖራው አሉ፤ ዳያስፖራው ደም አይሰጣችሁም፣ ግን ወንድሙን ይልክላችኋል። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ንግግር አይሄድም። ጡንቻውን የሚያሳይ አንድ ጎረምሳ መርፌውን ሲያይ ፊቱ ሲቀየር፣ ከዚያ ብስኩቱን ሲበላ፤ ይቺ 20 ሰከንድ ከሠራናቸው ሁሉ የበለጠ ታይታለች። ልጁን አስፈቅደን ነው፣ ሁለት ጊዜ። የታካሚ ፊት ግን አትቅረጹ። አልጋ ላይ ያለ ሰው «እሺ» ቢልም ፈቃዱ ፈቃድ አይደለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ።

ለጎዳና ቅስቀሳና ለሞንታርቦ ፈቃድ ያስፈልጋል። ደብዳቤውን ቀደም ብላችሁ አስገቡ። አንድ ቢሮ «ነገ ኑ» እያለን ሁለት ሳምንት አልፎ የድንኳኑ ቀን ደርሶብን ያውቃል።

ወሬ ሲነሳ

ይነሳል። «ደሙን ይሸጡታል»፣ «መርፌው አንድ ነው»፣ «አንዴ የሰጠ በየጊዜው ካልሰጠ ይታመማል»። ወሬውን እየደገማችሁ አታስተባብሉ፤ «ደሙ ይሸጣል የሚባለው ውሸት ነው» ብላችሁ ስትለጥፉ ያልሰማውም ይሰማል። እውነቱን ብቻ አስቀድሙ። መርፌው ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መሆኑን ለጋሹ ፊት ከማሸጊያው ሲወጣ በቪዲዮ አሳዩ። ደሙ ወዴት እንደሚሄድ የደም ባንኩ ሰው ራሱ ይናገር፣ እናንተ የማታውቁትን አትማሉ። ሆን ብሎ ሐሰት የሚያሰራጭ ካለ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ ግን ጎረቤታችሁን በአዋጅ አታስፈራሩ፣ ብዙው ወሬ ከፍርሃት ነው የሚወጣው።

ምን ትቆጥራላችሁ

ላይክ አትቁጠሩ። እኛ የምንቆጥረው አራት ነገር ነው፤ ስንት መጡ፣ ስንቱ ሳይሰጡ ተመለሱ (ለምን?)፣ ስንቱ በ3 ወር ተመለሱ፣ እና ምዝገባ ላይ አንድ ጥያቄ፦ «ከማን ሰማህ?» ይቺ የመጨረሻዋ የሚቀጥለውን በጀት ትወስናለች። እኛ ባነር ማሳተም ያቆምነው በእሷ ነው። ሳይሰጡ የተመለሱት ብዙዎቹ ሳይበሉ የመጡ ተማሪዎች መሆናቸውን ስናይ ደግሞ የቴሌግራሙን መልእክት ቀየርነው፦ «ምሳ በልታችሁ ኑ።»

ስዊድን ውስጥ ለጋሹ ደሙ ለታካሚ ሲሰጥ ስልኩ ላይ መልእክት ይደርሰዋል። እኛ እዚያ አልደረስንም። አንድ ደብተርና አንዲት ልጅ ነው ያለን። ስልክ ሊሰጡን ፈቃደኛ የሆኑትን ትጽፋለች፣ 3 ወሩን ትቆጥራለች፣ ትደውላለች። እኚያን «ደሜን ለዘመዴ አስቀምጬዋለሁ» ያሉንን ትልቅ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰጡ በኋላ ስትደውልላቸው «አባባ፣ 3 ወር ሞላዎት» አለቻቸው።

«እኔም ስትደውዪ እየጠበቅሁ ነበር» አሉ። «ልጄም አብሮኝ ይመጣል። ቁርስ ብሉ ነው ምሳ ብሉ ያላችሁት?»